በካሽ ልክፈል ወይስ በስልክ ልላክ?

ካፌ፣ ጋራዥ፣ ፀጉር ቤት፣ ሱቅ፤ የትም ብንገባ ሒሳብ ሲደርስ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በካሽ ነው በትራንስፈር?» ብዙዎቻችን ሳናስብ ነው የምንመልሰው። ኪሳችን ውስጥ ብር ካለ እንከፍላለን፣ ከሌለ ስልክ እናወጣለን። እኔ ግን ከመመለሳችን በፊት ራሳችንን መጠየቅ ያለብን ነገር አለ ባይ ነኝ። ይህ ክፍያ ነገ ቢያጨቃጭቅ እጄ ላይ ምን ይቀራል?

ለውጡ በጣም ፈጥኖ ነው የመጣው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የተመዘገቡት ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በካሽ መቅዳት ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ መመሪያው ለመላው አገሪቱ ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ገባ። ባንኮቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መተግበሪያ ይዘው መጡ።

ካርዱስ? አብዛኛው ሰው የባንክ ካርዱን ከቦርሳው የሚያወጣው ኤቲኤም ፊት ሲቆም ብቻ ነው። ካርድ የሚያነበው ፖስ ማሽን ትልልቅ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች ጋ አለ፤ ሰፈር ውስጥ ግን ብዙም አይታይም። ሌላው ዓለም ከብር ወደ ካርድ፣ ከካርድ ወደ ስልክ ሲሸጋገር እኛ መሀሉን ዘለን አለፍነው። ሲያዩት ጥሩ ነው። ነገር ግን ካርዱን ስንዘል አብሮ የቀረብን ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ዕቃው ካልደረሰው ወይም ያላወቀው ክፍያ ካየ ለካርዱ ባንክ አቤት ይላል። ባንኩም ያጣራል። ካርዱ ተሰርቆ ያለፈቃዱ ቢከፈልበት እንኳ ባለቤቱ በሕግ የሚጠየቀው ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ይህ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። እኛ ጋ ግን በስልክ የተላከ ገንዘብ ተላከ ማለት ነው። ፒኑን አንዴ ከነካን በኋላ ብሩ በሰከንዶች ውስጥ የሌላ ሰው ነው። በቴሌግራም ጫማ አዝዞ ቀድሞ የከፈለ ሰው ሻጩ ብሎክ ቢያደርገው ባንኩ «ራስህ ነህ የላክኸው» ነው የሚለው። ያልታወቀ ሻጭ «መጀመሪያ ይላኩ» ሲል ዕቃውን ሳያዩ አለመላክ ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው።

የካሹ ችግር የታወቀ ስለሆነ ብዙ አልዘገይበትም። ትልቁ ኖታችን 200 ብር ነው፤ እሱም የመጣው በመስከረም 2013 የብር ቅያሪ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የዕቃው ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። 100,000 ብር ለመክፈል 500 ኖታ መቁጠር ያስፈልጋል። በፌስታል ይዞ መሄዱ አለ፣ መንገድ ላይ መሰረቁ አለ፣ ሐሰተኛ ኖታ አለ። ለትልቅ ክፍያ ካሽ የሚመርጥ ሰው ቢኖር ወይ ሌላ መንገድ የለውም፣ ወይ ዱካ እንዲኖር አይፈልግም።

አስቸጋሪው መካከለኛው ክፍያ ነው። ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ አስተናጋጇን ተመልከቱ። ሒሳቡ 640 ብር ነው። ደንበኛው ስልኩን ያወጣል፣ ይልካል፣ «ተሳክቷል» የሚለውን ገጽ ወደ እሷ ያዞራል። እሷ በራሷ ስልክ ፎቶ ታነሳዋለች። ከዚያ ወደ ካሸሯ ትሄዳለች። ካሸሯ ደግሞ ገንዘቡ የገባበትን ሒሳብ ማየት አትችልም፤ ሒሳቡ የባለቤቱ ነው፣ ባለቤቱም የለም። ስለዚህ ፎቶው ራሱ ደረሰኝ ይሆናል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አንዱ ክፍያ ያልገባ ሆኖ ቢገኝ ከማን ይቆረጣል? ብዙ ቦታ ከአስተናጋጇ ደሞዝ ነው። ማሳያ ገጹን አስመስሎ መሥራት ደግሞ ዛሬ ለማንም ጎረምሳ ቀላል ነው። የቆየ ስክሪንሾት ቀኑን ሸፍኖ የሚያሳይም አለ።

ይህ የአስተናጋጇ ጥፋት አይደለም፤ የአሠራር ጉድለት ነው። ባለቤቱ ለቤቱ የተለየ የንግድ ሒሳብ ከፍቶ መልእክቱ የሚገባበትን ስልክ ካሸሯ ጋ ቢያስቀምጥ ጉዳዩ ያልቃል። ደንበኛው ሲልክ ስልኩ ይጮኻል፣ ካሸሯ ታያለች፣ በቃ። አንዳንድ ባንኮችም የግብይት ቁጥሩን በማስገባት ወይም ደረሰኙ ላይ ያለውን ኪውአር በማንሳት ክፍያውን ከራሳቸው ገጽ ላይ ማጣራት እንዲቻል አድርገዋል። ሱቅ ላላችሁ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው። የላኪውን ስክሪን አትመኑ። የእናንተን ሒሳብ ከፍታችሁ እዩ። አጭር መልእክት ከመጣም ላኪውን አስተውሉ፤ የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፣ ከሆነ ግለሰብ ስልክ አይደለም። ደንበኛ ሆናችሁ ስትከፍሉ ደግሞ «እስኪገባ ትንሽ ይጠብቁ» ሲሏችሁ አትቆጡ። የሚጠብቁት የራሳቸውን እንጀራ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ፤ እጄ ላይ ምን ይቀራል? የስልክና የባንክ ክፍያ ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ አይመስለኝም፤ ማስረጃ መሆኑ ነው። ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ በብድር፣ በቤት ኪራይና በደሞዝ።

ብድርን እንውሰድ። ጓደኛ «ሠላሳ ሺህ ብር አበድረኝ፣ በወሩ መጨረሻ እመልሳለሁ» ይላል። እርስዎም ያምኑታልና ብሩን ቆጥረው በእጁ ይሰጡታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በስተቀር በሌላ መንገድ እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል። የዛሬ 60 ዓመት 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ምሳ ግብዣ ነው። ስለዚህ በካሽ የተሰጠ ብድር ማለት ይቻላል ሁሉ፣ ተበዳሪው ከካደ፣ በምስክር ብቻ ሊያስመልሱት የሚከብድ ብድር ነው። «እከሌ ሲሰጠው አይቷል» አያድንም።

በባንክ መላክ ይሻላል፤ ግን እሱም ብቻውን ሙሉ አይደለም። ገንዘቡ መተላለፉን ያሳያል እንጂ ብድር መሆኑን አያሳይም። ተበዳሪው «ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ወይም «ስጦታ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሲልኩ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ብድር» ብለው ይጻፉ። ከተቻለ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ። ወዳጅነትን የሚያበላሸው ወረቀቱ አይደለም። ወዳጅነትን የሚያበላሸው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣው «መቼ ሰጠኸኝ?» ነው። ተበዳሪ ሲሆኑም እንዲሁ ነው። በካሽ መልሰው «ተቀብያለሁ» የሚል ካልተፈረመልዎት የከፈሉትን ዕዳ ደግመው ሊጠየቁ ይችላሉ።

የቤት ኪራይም ከዚህ አይለይም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። እንዲህም ሆኖ «ግማሹን በካሽ ስጠኝ» የሚሉ አከራዮች አሉ። ምክንያቱ ግብር መሆኑ ግልጽ ነው። ተከራዩ ግን ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በካሽ የሰጠው ግማሽ ውሉ ላይ የለም፤ ውዝግብ ሲመጣ እንዳልከፈለ ነው የሚቆጠረው።

ደሞዝ ደግሞ ከሁሉ ያሳስበኛል። ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ወር በወር በእጇ የሚሰጣት ብር አለ። አንዳንዴ «አሠሪዬ ጋ ይጠራቀምልኝ» ትላለች። ከዓመት በኋላ ስትወጣ ስንት እንደተጠራቀመ የሚያውቀው አሠሪው ብቻ ነው። ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እህቶቻችንም ይህንኑ ያውቁታል። የወራት ደሞዝ ሳይከፈላቸው የቀሩት «አልተከፈለኝም» ሲሉ፣ አሠሪው «በእጇ ሰጥቻታለሁ» ይላል። በስሟ የተከፈተ ሒሳብ ቢኖር ግን የገባው ገብቷል፣ ያልገባው አልገባም። ቤታችሁ ሠራተኛ ካለች መታወቂያ እንድታወጣ አግዟት፣ ሒሳብ ክፈቱላት፣ ደሞዟን እዚያ አስገቡ። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ራሷ ብቻ ትያዘው።

ማስረጃው በሁለቱም በኩል እንደሚሠራ አገር ያየበት አጋጣሚ አለ። በመጋቢት 2016 ከዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ቶሎ ተዛመተ። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ገለጸ። በሚቀጥሉት ቀናት ግን እያንዳንዱ ብር ወደ ማን እንደሄደ ታወቀ። ያልመለሱ ሰዎች ስም ቅርንጫፎች በር ላይ ተለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። ያ ሁሉ በካሽ ካዝና ላይ የደረሰ ዝርፊያ ቢሆን ኖሮ ማን ይገኝ ነበር?

በስህተት የተላከ ገንዘብም ሕግ አለው። አንድ ቁጥር ተሳስተው ለማያውቁት ሰው ቢልኩ ያ ሰው ገንዘቡ የእሱ አይሆንም፤ እዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ አንቀጽ 2164 ያለአግባብ የተከፈለ እንዲመለስ ይፈቅዳል። ችግሩ ማስመለሱ ጊዜ መፍጀቱ ነው። ባንኩ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሰው ሒሳብ አንስቶ ዝም ብሎ አይሰጥዎትም። ፒን ከማስገባትዎ በፊት ስሙን ያንብቡ። ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። በተቃራኒው ደግሞ «በስህተት ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ብሎ የሚደውል ሲያጋጥም መልእክቱን ትታችሁ ሒሳባችሁን እዩ። ብዙ ጊዜ የገባ ነገር የለም። የምር ገብቶ ከሆነም በባንኩ በኩል ይመለስ፤ እሱ ወደሚነግራችሁ ሌላ ቁጥር አትላኩ።

እስካሁን የስልክ ክፍያን ደግፌ ነው የጻፍኩት። አሁን ስለ ካሽ ልናገር፤ ምክንያቱም ካሽ ይጥፋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ ባለው አብዛኛው ጊዜ፣ ባንክም ስልክም አልነበረም። ሰው ሒሳቡ ውስጥ የዕድሜ ልክ ቁጠባ እያለው ዳቦ መግዣ አጣ። ዘመድ ከውጭ የላከው ገንዘብ በሰው በሰው ሲደርስ ከፍተኛ ኮሚሽን ይቆረጥበት ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። እነዚህ ተራ የኔትወርክ መቆራረጦች አይደሉም። በሒሳብ ላይ ያለ ገንዘብ የእኛ የሚሆነው መስመሩ እስካለ ድረስ እንደሆነ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በሕይወታቸው አይተውታል። ኢንተርኔት ብቻ ከጠፋ ለቴሌብር *127# ብሎ መደወል ይቻላል፤ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራው መንገድ ዳታ አይፈልግም። ስልኩም ከጠፋ ግን እሱም የለም።

ሀብታም አገሮችም ይህንን እየተማሩ ነው። በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) ስፔንና ፖርቱጋል መብራት ሲጠፋ ካርድ መሥራት አቆመ፤ ውኃና ባትሪ የገዛው ካሽ የያዘ ሰው ነበር። ስቶክሆልም የሚኖር ሐበሻ ለወራት የብር ኖት ሳይነካ መኖር ይችላል። ያው የስዊድን መንግሥት ግን በ2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለየቤቱ ባሠራጨው የቀውስና የጦርነት መመሪያ ላይ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ካሽ በተለያየ ኖታ ቤት ውስጥ እንዲኖር መክሯል። ከካሽ ለመውጣት ከቀደሙት አገሮች አንዱ ነው ይህንን የሚለው።

ካሽ የሚያስፈልጋቸው ሰዎችም አሉ። ኤቲኤም በር ላይ ያለን ጥበቃ «ልጄ፣ እስኪ አንተው ምታልኝ» ብለው ካርዳቸውን የሚሰጡ እናት አይታችኋል። የሚስጥር ቁጥሩን ጮክ ብለው ነው የሚነግሩት፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፣ ቆጥሮ ይሰጣቸዋል። ነገ ሌላ ሰው ቢሆንስ? እኚህ እናት ጡረታቸውን መስኮት ላይ ቆመው፣ ፈርመው፣ በእጃቸው ቆጥረው ቢወስዱ ምን ይጎዳል? «ከዚህ መጠን በታች ለማውጣት ኤቲኤም ተጠቀሙ» ብሎ ሽማግሌ መመለስ ዘመናዊነት አይመስለኝም።

በመቀነቷ ቋጥራ የምትይዝ ሴትም አለች። ባሏ ስልኳን ይፈትሻል፣ እያንዳንዱን መልእክት ያነባል። ለእሷ ዱካ የሌለው ገንዘብ መውጫ በር ነው። ማስረጃ ጥሩ ነው ስል፣ ማስረጃው በማን እጅ እንደሚገባም ማሰብ አለብን ማለቴ ነው።

ሕግ አውጪዎች ይህንን በሁለት መንገድ ይዘውታል። እስራኤል ውስጥ ከነሐሴ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ6,000 ሰቅል በላይ የሆነ የንግድ ግብይትን ሙሉ በሙሉ በካሽ መፈጸም አይቻልም። ዓላማው ግብር ስወራን መቀነስ ነው። ፊላደልፊያ በ2019፣ ኒው ዮርክ ከተማ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሱቆች ካሽ አንቀበልም እንዳይሉ ከለከሉ። ዓላማው ባንክ የሌለውን ድሃ መጠበቅ ነው። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ እኔ ግን አንድ ላይ መሄድ የሚችሉ ይመስለኛል። ለትልቁ ገንዘብ ዱካ ይኑረው፣ ለትንሹ ደግሞ ካሽ መብት ይሁን። ለእኛም የሚበጀን ይህ ነው።

ስለ ወጪ አንድ ነገር ልጨምር። ብር ከእጅ ሲወጣ ይሰማናል፤ ስልክ ሲነካ አይሰማንም። የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎቹ ድራዘን ፕሬሌክና ዱንካን ሲሜስተር በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ለቅርጫት ኳስ ትኬት ጨረታ አካሂደው ነበር። በካርድ ትከፍላላችሁ የተባሉት ተማሪዎች በካሽ ትከፍላላችሁ ከተባሉት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ አቀረቡ። ትኬቱ ያው ነው፣ ተማሪዎቹም እኩዮች ናቸው። ስለዚህ የወር ወጪው እያመለጠው ለተቸገረ ሰው የምለው ይህ ነው። የሳምንቱን የአስቤዛ፣ የታክሲና የቡና ብር ሰኞ አውጥተህ ያዝ። ሐሙስ ላይ ቦርሳው ሲሳሳ ታየዋለህ። በተቃራኒው ኪሱ ውስጥ ያለ ብር የሚበላው ሰው አለ፤ ለእሱ ስልኩ ይሻለዋል። ራስን ማወቅ ነው። የአገልግሎት ክፍያውንም አትርሱ። ከባንክ ወደ ሌላ ባንክ መላክ እዚያው ባንክ ውስጥ ከማስተላለፍ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ደጋግሞ መላክ ደግሞ ቀስ በቀስ ይቆጠራል።

እንግዲህ እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው። ኪራይ፣ ብድር፣ ደሞዝ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕቃ ግዢ ሁሉ በባንክ ወይም በስልክ፤ ምክንያቱን ጽፌ፣ ደረሰኙን አስቀምጬ። ታክሲ፣ ጉሊት፣ ሊስትሮ፣ ሙዳየ ምጽዋት በካሽ። የጉሊቷ እናት ለአምስት ሽንኩርት ሒሳብ ቁጥር እንድትነግረኝ አልጠይቃትም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ለአንድ ሳምንት አስቤዛና ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን ካሽ ይኑር። ከዚያ በላይ ማስቀመጥ ለሌባና ለዋጋ ንረት መመገብ ነው። ሲያስቀምጡ ግን ሁሉንም ባለ 200 አያድርጉት። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ሁሉም ሰው በካሽ ነው የሚከፍለው፤ ያን ቀን ባለሱቁ ለ200 ብር መልስ አይኖረውም። ባለ 10 እና ባለ 50 ኖት ይቀላቅሉበት።